የዐመል መዝገብ

ጥቅምት 9

ለልጄ፣ ለልብስ ሰፊዋ፤

ሰላምታውን ትንሽ አቆዪው። መጀመሪያ ንዴቴን ላውጣ፣ ከዚያ እንደ ሰው እጠይቅሻለሁ።

የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ደብዳቤሽን ላንብብልዎ ብላ እጇን ስትዘረጋ ነጥቄያት ወጣሁ። ማንበብ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ቀስ ብዬ ነው እንጂ አነባለሁ። በረቱ በር ላይ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው አላመንኩም። በሁለተኛው ፊደሉን የተሳሳትኩ መሰለኝ። በሦስተኛውም ፊደሉ ያው ነው። ባልሽ ሾፌሩ ሞቷል። ወንድምሽ ጭምቱ በጎማ መፍቻ ብረት ጭንቅላቱን ብሎት ነው። ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «እኔ ነኝ» ብሏል፣ ከዚያ ወዲህ አፉን አልከፈተም። እሺ፣ ይህን ዋጥኩት። 

ከዚያ በታች ያለውን ግን እንቢ አልኩ። «ጤና ጣቢያ ሄደው ደም ይስጡልኝ» ትያለሽ። ጠበቃው አንድ የዘር ሐኪም አግኝቷል። ሐኪሙ ደግሞ፣ የቁጣ በሽታ ከአባት ወደ ልጅ በደም ይወርዳል፤ የአባትየውና የልጁ ደም ጎን ለጎን ታይቶ ከተገኘበት ዳኛው የሞት ፍርዱን ወደ እስራት ይለውጥለታል ብሏል። በሽታ! ሰማንያ ሊሞላኝ ነው፣ አንድ ቀን አልጋ ላይ ውዬ አላውቅም። እኔን ነው በሽተኛ የሚሉኝ?

ዐመል በደም እንደሚወርድ ለኔ ሐኪም አይነግረኝም። አርባ ዓመት በእርባታ ጣቢያው ኮርማ ጠብቄአለሁ። የዐመል መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩትም እሱን ለመያዝ ብዬ ነው። አንድ ጭረት ገራም። ሁለት ጭረት ተራጋጭ። ሦስት ጭረት ወጊ፣ ሰው እንዳይጠጋው። ቀዩ ኮርማ ሃያ ሁለት ጊደር ወለደ፣ ሃያ ሁለቱም ሁለት ጭረት ናቸው። መዝገቡ እዚሁ ትራሴ ሥር አለ፣ የፈለገ መጥቶ ይቁጠር። የኛም ቤት እንደዚያው ነው። አያቴ ሦስት ጭረት፣ አባቴ ሦስት ጭረት፣ እኔም ሦስት ጭረት። ግን ማንም እኛን በሽተኛ ብሎን አያውቅም፤ ሰው ሲያየን መንገድ ነው የሚለቅልን። ለጠበቃው እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ፦ ሽማግሌው ደሙን ለኮርማ እንጂ ለወረቀት አፍስሶ አያውቅም።

አሁን ሰላምታ። እንዴት ሰነበትሽ ጊደሬ? ትንሿስ እንዴት ናት? አባቷን ትጠይቃለች? ምን ብለሽ ትመልሺላታለሽ? ስልክ አትደውይ፣ ጥቁሩ ኮርማ የወሰደው ጆሮዬ አልተመለሰም። ጻፊልኝ። ሾፌሩን የቱ ጋ መታው? ስንት ጊዜ? መምታት ብዙ ዓይነት ነው፤ ማወቅ እፈልጋለሁ።

አባትሽ


ጥቅምት 27

ለልጄ፤

ደርሶኛል። ፊደሌ እንደ ጊደር ይራገጣል ብለሽ አትሣቂ፣ ብርዱ ጣቴን ይዞታል።

ሐኪሙ የላከውን ጥያቄ አየሁት። ዐሥራ አንድ ነው። ደሜን ባልሰጥ እንኳ ቃሌን ልስጥ ብዬ ተቀመጥኩ፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

አያቴ በውኃ ቦይ ተጣልቶ የጎረቤቱን ጆሮ በጥርሱ ቆርጦ ተፍቶታል። ይህ እኛ ቤት ቀልድ ነበር። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር አባቴ ተነሥቶ እያኘከ ያሳየን ነበር፣ ሴቶቹ ሣቅ በሣቅ። አባቴ ራሱ አንድ ሰው በአካፋ ገድሏል። ሰውየው ወድቆም አልተወውም። እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ አጠገቡ ቆሜያለሁ። አካፋው መጀመሪያ ሲያርፍ እንደ ድስት ጮኸ፣ በኋላ በኋላ እንደ ጭቃ ሆነ። ሰባት ዓመት ታስሮ ሲፈታ ሰፈርተኛው ከመንገድ ዞር ይልለት ነበር። እኔም ከኋላው ደረቴን ነፍቼ እሄዳለሁ። ሐኪሙ «በዚያን ጊዜ ምን ተሰማዎት» ይላል። ኩራት ነዋ! ሌላ ምን ይሰማኛል?

እኔ ሰው አልገደልኩም። የጣቢያውን ኃላፊ ግን በወተት ጋን ክዳን መንጋጋውን ሰብሬአለሁ፤ መዝገብህ ስሕተት አለበት አለኝ። አራት ጥርሱን ከገለባው ውስጥ ለቅሞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስለ መዝገቤ ያወራ የለም።

ስለ ወንድምሽ ክንድ ለጠየቅሽኝ። ከቆጥ ወደቀ ብለን ያሳደግንሽ ውሸት ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። አንዱን ወይፈን «አፍንጫውን በለው፣ ይወቅህ» ብዬ ዘንጉን ሰጠሁት። ወይፈኑ እንደ ውሻ እጁን ይልሰዋል። እሱም ዘንጉን መሬት ላይ አስቀመጠው። አልወረወረውም እኮ፣ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ያ ነው ያሳበደኝ። አነሣሁና በዚያው ዘንግ ክንዱን አልኩት። ሲሰበር ሰማሁት። ወድቆም ደገምኩት። ወጌሻው አጣሞ ገጠመው፣ እስከ ዛሬ ቀኝ እጁ ከደረቱ በላይ አይነሣም። ይኸውልሽ፣ ጻፍኩልሽ። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ በላም ገመድ የገረፍኩትን አልቆጠርኩትም። አንቺን ግን አንድ ቀን ጣቴን አላሳረፍኩብሽም። አንቺ አያስፈልግሽም ነበር።

ዘጠነኛው ጥያቄ ሚስትዎን መትተው ያውቃሉ ወይ ይላል። ይህን የጠየቀው ሐኪሙ ነው ወይስ አንቺ ነሽ? የእጅ ጽሕፈቱ ያንቺ ነው። ይለፈኝ።

ሾፌሩ የተመታው ከኋላ፣ ከጆሮው ጀርባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አጥንቱ ገባ ብለሽ ጽፈሻል። ይህን አንብቤ ቀኑን ሙሉ ስዞር ዋልኩ። ገና እየዞርኩ ነው።

ደሜን አልሰጥም። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ትንሿን ሳሚልኝ።

አባትሽ


ኅዳር 12

ለልጄ፤

«ልጅዎን የሚገድለው ኩራትዎ ነው፤ ከእንግዲህ አባባ አልልዎትም» ብለሽ ጽፈሻል። ወረቀቱን ወጥረሽ በብዕር የወጋሽው ይመስል ፊደልሽ በጀርባው ወጥቷል። እኔም ስናደድ እንዲሁ ነው የምጽፈው።

ኩራት ብቻ አይደለም። ደሜ አይረባውም። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ተቀምጠሽ ስሚ።

ላም ጥጃዋ ሲሞትባት የምናደርገውን ልጅ ሆነሽ አይተሻል። የሞተውን ጥጃ ቆዳ እንገፍፍና እናቱ ለሞተችበት ሌላ ጥጃ እናለብሰዋለን። ላሚቱ ታሸተዋለች፣ የራሷን ሽታ ታገኛለች፣ ታጠባዋለች። ከሳምንት በኋላ ቆዳውን ብናነሣውም ግድ የላት።

እናትሽ የመጀመሪያ ልጃችንን ወለደችና በአምስተኛው ቀን ሞተ። እሷ በወሊድ ትኩሳት ነዳ ሰው አትለይም ነበር። በዚያው ሳምንት ጣቢያው ውስጥ ላም የምታልብ አንዲት ሴት ወንድ ልጅ ወልዳ ደሟ ፈስሶ አለቀ። ባል የላት፣ ዘመድ የላት። ሕፃኑ ገለባ ላይ ይጮሃል። እኔ ሌላ ነገር አላውቅም፣ የማውቀውን አደረግሁ። የኛን ልጅ ቀበርኩት፤ ልብሱን ገፍፌ ለዚያኛው አለበስኩት፣ ስሙንም ሰጠሁት፣ እናትሽ ጡት ላይ አስተኛሁት። አሸተተችው። አጠባችው። በኋላ ዐውቃ ይሆን? ያወቀች ይመስለኛል። አንድም ቀን አልተናገረችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

ጭምቱ ያ ነው። የወንድምሽ ደም የአላቢዋ ደም ነው። አንቺ አልደረስሽባትም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ነበረች፤ ላም ረግጣት ስትወድቅ እንኳ ላሚቱን «አይዞሽ» የምትል። ልጁም ቁርጥ እሷን ወጣ። እኔ ደግሞ በየዓመቱ እየጠበቅሁ ነበር፣ ስሜን ይዞ፣ ቤቴ አድጎ፣ አንድ ቀን ዓይኑ ይቀላል እያልኩ። አልቀላ አለ። እንግዲህ በደም ካልወረደ በዱላ ይግባ አልኩ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የመታሁት ጠልቼው አልነበረም፣ ልጄ እንዲመስል ነበር። እየመታሁት «ተነሥ፣ መልስልኝ፣ መልሰህ ምታኝ» እለው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ቢመልስልኝ ኖሮ አቅፌ እስመው ነበር።

አልመለሰልኝም። እና ይህ ሰው፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ እጁን ያላነሣ ሰው፣ ሾፌሩን በአንድ ምት ገደለው ትይኛለሽ።

አሁን የምጽፈው ይከብደኛል። ከጆሮ ጀርባ አንድ ምት አጥንት የሚያስገባው ብረቱ በሁለት እጅ ተይዞ፣ ከራስ በላይ ወጥቶ ሲወርድ ነው። የጭምቱ ቀኝ እጅ ከደረቱ በላይ አይወጣም። እኔ ነኝ የሰበርኩት፣ ምን ያህል እንደምትነሣ እኔ ዐውቃለሁ። ፖሊሶቹ «እኔ ነኝ» ያላቸውን ሰው ለምን ክንዱን ይለኩ?

ጥቁሩ ኮርማ ያበደ ቀን ትዝ ይልሻል። የቀዩ ልጅ። ጓደኛዬን ግድግዳ ላይ በቀንዱ ሰፍቶት አንጀቱን መሬት ለመሬት ጎተተው፣ የኔን ጆሮ እግረ መንገዱን ወሰደ። ብረቱን አንሥቼ ያን ቦታ አንድ ጊዜ ብለው እንደ ግንድ ወደቀ። ጭምቱ ከበረቱ ጀርባ ያስመልሰው ነበር። አንቺ አጥሩ ላይ ነበርሽ፣ ዘጠኝ ዓመትሽ። አላለቀስሽም። ወርደሽ መጣሽና «አባባ፣ የቱ ጋ ነው የመቱት?» አልሽኝ። ደሜ እየፈሰሰ ሣቅሁ። ጣትሽን ይዤ ከጆሮው ጀርባ ያለውን ጎድጓዳ አስነካሁሽ። ብረቱንም በሁለት እጅሽ አስይዤ አያያዙን አሳየሁሽ። «ይቺ ናት የኔ ልጅ» እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ ኖርኩ።

ያን ቦታ የማሳየው ሌላ ልጅ አልነበረኝም።

አልጠይቅሽም። ከፈለግሽ ጻፊልኝ።

አባትሽ፣ አባባ ብትይኝም ባትይኝም


ኅዳር 30

አባባ፤

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ፋብሪካው ውስጥ፣ ልብስ ስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ ነው። እግሬ መርገጫው ላይ ቀርቶ መርፌው በጣቴ አልፎ ሲወጣ አላወቅሁም፤ ያወቀችው ከጎኔ የምትሰፋው ሴት ናት፤ ጮኸች። እኔ አልጮኽኩም።

ያን ቀን አልመታኝም። ይህን ከማንም በፊት እርስዎ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ሳምንት ጥርሴን አውልቋል። ከዚያ በፊት ፀጉሬን ይዞ ከበሩ መቃን ጋር አጋጭቶኛል፤ ትንሿ አልጋ ሥር ሆና ታይ ነበር። ስድስት ዓመት እንዲህ ነው። አልጻፍኩልዎትም፤ ምን ይሉኝ እንደነበረ ስለማውቅ። ያን ቀን ግን ከሥራ ገብቶ፣ ትንሿን ስሞ፣ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ይታጠብ ነበር። ሳሙና ዓይኑ ገባና እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ «ፎጣ አቀብዪኝ» አለኝ። ደግ ድምፅ ነበር። ፎጣው የተሰቀለው ብረቱ ከቆመበት በላይ ነው።

ቦታውን መፈለግ አላስፈለገኝም።

ጭምቱ ለትንሿ ጫማ ገዝቶ መጣ። በሩን ከፈተ፣ አየ፣ መልሶ ዘጋው። ብረቱን ከእጄ ተቀበለኝ። እጄን በዚያው ሳሙና ራሱ አጠበልኝ፣ እስከ ክርኔ፤ በግራ እጁ፤ ቀኙ እንደሚያውቁት ነው። «የማን ልጅ እንደሆንኩ ሰው ያውቃል፤ እኔ ነኝ ብል ማን ይጠራጠራል? አንቺ ልጅ አለሽ» አለኝ። አልከለከልኩትም። ጫማውን ለትንሿ አጥልቆላት ሄደ።

ደምዎን የለመንኩት እሱን ለማዳን ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ሐኪሙ ወረቀት ላይ «በደም ነው» ብሎ ቢጽፍልኝ እኔም የምድን መስሎኝ ነው። እኔ አይደለሁም፣ አባቴ ነው፣ አያቴ ነው፣ ጆሮ የነከሰው ነው ብዬ እንቅልፍ የምተኛ መስሎኝ ነው።

አሁን ደግሞ የማን ደም የት እንዳለ ነገሩኝ።

ትናንት ትንሿ ድመቷን በሩ መሐል አድርጋ በሩን ስትገፋ ያዝኳት። አልተቆጣችም ነበር። ምን እንደሚሆን ለማየት ነው የምትገፋው። አባባ፣ በደም ነው ይበሉኝ። ወይም አይደለም ይበሉኝ። ከሁለቱ አንዱን ይንገሩኝ። ቀጠሮው ታኅሣሥ 20 ነው።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 8

ለልጄ፤

አባባ ብለሽኛል። አይቼዋለሁ።

ጣትሽን በጨው ውኃ ንከሪው። ስለ ሾፌሩ ስድስት ዓመት ምን ይሉኝ እንደነበረ ዐውቃለሁ ብለሻል። እኔም ዐውቃለሁ። «ምን አድርገሽ ነው?» እል ነበር። ይህን ስጽፍ ብዕሩን ሁለት ጊዜ አስቀምጬዋለሁ።

ዘጠነኛውን ጥያቄ ልመልስ። አዎ፣ መትቻታለሁ። ወተት ፈሰሰ ብዬ፣ ዘገየሽ ብዬ፣ አንዳንዴም ዝም አልሽ ብዬ። አንቺ አጥሩ ላይ ብቻ አልነበረም የምትቀመጪው፣ የወጥ ቤቱ ደፍ ላይም ነበርሽ። ጣቴን አላሳረፍኩብሽም እያልኩ ስኮራ ኖርኩ። ዓይንሽን ግን አንድ ቀን ከድኜልሽ አላውቅም።

አሁን ስለ ደሙ። አንዱን ንገሩኝ ያልሽው አልሆነልኝም። ያለኝን ልንገርሽ።

መዝገቡ ውስጥ አንድ ውሸት አለ። ከቀዩ ሃያ ሁለት ጊደሮች አንዷን ያሳደገቻት አላቢዋ ናት፣ የጭምቱ እናት። ዱላ ይዛ አታውቅም። ጊደሯ አድጋ ሕፃን ሥሯ ቢገባ የማትረግጥ ሆነች። እኔ አየሁ፣ ሁሉም አየ። ብዕሬን አንሥቼ ሁለት ጭረት አደረግሁባት። ሃያ ሁለቱም ሁለት ጭረት እንዲሆኑ ፈለግሁ። ኃላፊው «ይቺ እኮ በግ ናት፣ መዝገብህ ተሳስቷል» ሲለኝ ነው መንጋጋውን የሰበርኩት። ሰውየው እስኪሞት በቀጭን ማንኪያ ሾርባ ጠጣ፣ ልክ ስለነበረ።

እና ልብ በይ፣ ደም የለም አልልሽም። ያቺም ጊደር ሰው በድንገት ሲጠጋት ጆሮዋን ወደ ኋላ ታጥፍ ነበር፣ እንደ አባቷ። አይቻለሁ። አላቢዋ ግን ጆሮዋ ሲታጠፍ ስታይ እዚያው ቆም ትላለች። ጆሮዋ እስኪመለስ ትጠብቃለች። ከዚያ ነው የምትጠጋው። እኔ ደግሞ ሌሎቹን ጆሯቸው ሲታጠፍ እመታቸው ነበር፤ ሲራገጡ ጊዜ «በደማቸው ነው» ብዬ እጽፋለሁ። አርባ ዓመት እኔው እየወጋሁ፣ ወጊ እያልኩ ጻፍኩ። ይህ ነው የማውቀው። ከዚህ በላይ ሐኪሙን ጠይቂው።

ታኅሣሥ 20 እመጣለሁ። የጠዋቱን አውቶቡስ እይዛለሁ፣ ከሞትኩም መንገድ ላይ ልሙት። ዳኛው ፊት ቆሜ አንድ ነገር ብቻ እናገራለሁ፦ ይህን ክንድ እኔ ሰበርኩት፤ እንዲያነሣው እዘዙት፣ ተመልከቱ። ስምሽን አልጠራም። ግን ክንዱን ካዩ በኋላ ታዲያ ማነው ማለታቸው አይቀርም፣ ያኔ ቤት ውስጥ የነበረው ሰው አንድ ነው። ዐውቄ ነው የማደርገው። ለአንዱ ልጄ ስል ሌላዋን አሳልፌ እሰጣለሁ። ልጄ ያልኩት ያልወለድኩትን ነው፤ ዘግይቼ ነው ያልኩት፣ ግን አልኩት።

ከኔ በፊት ተነሥተሽ ብትናገሪ ደስ ይለኛል። ደስ ይለኛል የሚለው ልክ አይደለም፣ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። የስድስቱንም ዓመት ተናገሪ፣ ጥርሱንም፣ መቃኑንም። ፎጣውንም። ምንም አታስቀሪ።

አባትሽ


ሚያዝያ 16

ለልጄ፣ ባለሽበት፤

የእስር ቤቱ ሰዎች ደብዳቤውን አስቀድመው ያነቡታል አሉኝ። ያንብቡ። ለሚያነበው ሰው፦ ፊደሌ አስቸጋሪ ነው፣ ታገሠኝ።

የተፈረደብሽ ዐሥራ አራት ዓመት ይግባኝ ተብሎ ይቀንስ እንደሆነ ጠበቃው ይሞክራል። እኔ ቆጥሬው አልደርስበትም፣ ስለዚህ የምጽፈውን አሁን ልጻፍ። የችሎቱ ቀን ወንበሩን ተደግፌ ልነሣ ስል አንቺ ቀድመሽኝ ተነሣሽ። ድምፅሽ አልተንቀጠቀጠም። ጭምቱ «ውሸቷን ነው!» ብሎ ጮኸ። ሲጮህ የሰማሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ዳኛው ክንድህን አንሣ አሉት። ደረቱ ጋ ደርሳ ስትቆም አዳራሹ ሁሉ አየ። ብዙ ነገር ሰው ፊት አድርጌአለሁ፣ እንደዚያ ግን ራቁቴን ቆሜ አላውቅም።

ጭምቱ ተፈትቶ ትንሿን ይዞ እኔ ጋ ገብቷል። ነግረውታል ወይ ላልሽኝ፣ ነግሬዋለሁ። ስለ አላቢዋ፣ ስለ ልብሱ፣ ስለ ሁሉም። የያዘውን ባልዲ አስቀመጠ። ከዚያ ምን አለ መሰለሽ? «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን እንዳልሆን ስፈራው የኖርኩት ማንን ነው?»  ያን ፈርቶ ነው ያላገባው፣ ሚስት እንዳይመታ። ቀጥሎ የጠየቀኝ የአላቢዋ መቃብር የት እንደሆነ ነው። ወሰድኩት። ዙሪያውን አጥሮላታል።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ በመጨረሻ ደሜን ወሰደችው፣ ለዘር ሐኪሙ አይደለም፣ ለራሴ። ስኳር አለብዎት አለችኝ። ያ ሁሉ መራራ ተፈልጎ ስኳር ተገኘ። ጭምቱ ሣቀ፣ እኔም ተናድጄ ሣቅሁ።

አሁን ወደጠየቅሽኝ። ትንሿ ማንን እንደምትመስል፣ ሳልደብቅ እንድነግርሽ ብለሻል። አልደብቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ከጎረቤት የተሰጠችን ጥጃ የትንሿን ጫማ ረገጠችው፣ ያን ጭምቱ የገዛላትን፤ ጠቧትም አውልቁልኝ አትልም። ትንሿ ዘንጌን አነሣችና የጥጃዋን አፍንጫ በሁለት እጇ አለችው። አያያዙን ማን አሳያት? ማንም። ደም ፈሰሰ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፣ እጄ ከኔ ቀድማ ወደ ላይ ወጣች። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። አልተሸማቀቀችም። አፍንጫዋ ይነፋል ይመለሳል፣ ይነፋል ይመለሳል፣ ዓይኗ ድርቅ ብሏል። አንቺን አየሁ። እኔን አየሁ። አካፋውን የያዘውን አየሁ።

የተሸማቀቀው ሌላ ነው። ከገንዳው ጋ የነበረው ወንድምሽ ባልዲውን ለቆ ራሱን ሸፈነ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው። በግራ እጁ ሸፈነ፣ ቀኙ ደረቱ ላይ ቀረች።

እጄ አየር ላይ እንዳለች ቆምኩ። የት እንደማደርጋት ጠፋኝ። ቆሜ ጠበቅሁ። ትንሿ አንድ ጊዜ ደገመቻት ጥጃዋን፣ ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ለሦስተኛው ዘንጉን አነሣችና አቆየችው፤ የሚመልስላት ሰው ስታጣ ክንዷ ደከመ። አፍንጫዋ ረጋ። ያኔ እጄን አወረድኩ፣ ተጠጋኋት።

«አያያ፣ አመማት?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ብዙ?»

«ብዙ።»

ዘንጉን እያየች ቆየች። ጭምቱን ደግሞ አየችው፣ እጁ ገና ራሱ ላይ ነበር። «አጎቴንስ ማን መታው?» አለች። እኔ አልኳት። ሁለታችንንም እያፈራረቀች አየችንና ጫማዋን አውልቃ ሄደች።

ማንን ትመስላለች ላልሽኝ፣ ጆሮዋን ታጥፋለች። እውነቱ ይኸው ነው። እኛ ደግሞ ቆመን መጠበቅ እየተማርን ነው፣ ጭምቱ ቀድሞ ያውቅበታል፣ እኔን ያስተምረኛል። አንቺም እዚያ ሆነሽ ስትናደጂ ተማሪው።

መዝገቡን ከትራሴ ሥር አውጥቼ ያቺን ጊደር አስተካከልኳት፤ አንዱን ጭረት ሰረዝኩላት። የቀሩትን ባዶ ገጾች ለትንሿ ሰጠኋት፣ ጥጃ ትሥልበታለች። ጥጆቿ ሁሉ አምስት እግር አላቸው። ከዚህ ጋር አንዱን ልኬልሻለሁ። ጭረት የሚመስለው ጭራው ነው፤ እኔ ምንም አልጻፍኩበትም።

አባትሽ